ቀይ ባሕር ላይ ነዳጅ ቢፈስ ማን ቀድሞ ያውቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ባሕር ሲነሣ የሚነሣው ወደብ ነው። ለገሀር አካባቢ ባሉ የትራንዚተሮች ቢሮዎች ስለ ኮንቴይነር መመለሻ ቀንና ሲዘገይ ስለሚከፈለው ቅጣት፣ ስለ ዲመሬጅ፣ ይወራል። ካዛንቺስ ባሉ አዳራሾች ስለ ባሕር በር ሕጋዊ መሠረት ክርክር ይካሄዳል። ሜክሲኮ አካባቢ ማደያ የተሰለፈ ባለታክሲ ደግሞ ቦቴዎቹ የጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ጋላፊ፣ ቆመው እንደሆነ ይጠይቃል። ባሕሩ ራሱ ግን ከጨዋታው ውስጥ የለም። ውኃው በየትኛው ወር ወዴት እንደሚሄድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ አንዲት መርከብ ብትቀደድ የፈሰሰው ነዳጅ በስንት ሰዓት ማን ደጃፍ ላይ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በባሕር ላይ የነዳጅ አደጋ ሲደርስ ከጽዳት መሣሪያው ብዛት ይልቅ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው አስቀድሞ የተዘጋጀ ትንበያ ነው። ይህን ትንበያ ለመሥራት ደግሞ የባሕር ዳርቻ ባለቤት መሆን ግዴታ አይደለም።

ለጥቂት የተረፈው አደጋ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2024 ሱንዮን የተባለች የግሪክ ባንዲራ የምታውለበልብ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በየመን ሁቲዎች ተመታች። አንድ ሚሊዮን በርሜል ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። ሠራተኞቿን የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ኃይል ተልእኮ አንሥቶ ጅቡቲ አደረሳቸው። ሰው አልባ ሆና በቀረችው መርከብ ላይ ሁቲዎቹ ወጥተው ፈንጂ አፈነዱባት፤ የመርከቧ ወለል ለሳምንታት ሲነድ ከረመ። ጎትቶ ከአካባቢው ማራቅ የተቻለው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ዋናው ጭነት ሳይፈስ ቀርቶ ስዊዝ አካባቢ ሙሉ በሙሉ የተራገፈው ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ነበር።

አንድ ሚሊዮን በርሜል ማለት 159 ሚሊዮን ሊትር ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ይጭናል ብንል፣ ያ ሁሉ ፈስሶ ቢሆን ከ3 ሺህ 500 በላይ ቦቴ ባንድ ጊዜ ባሕር ላይ እንደተገለበጠ ይቆጠር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ዜናው አንድ ሁለት ቀን ተወርቶ አለፈ።

ከዚያ በፊትም ሴፈር የምትባለው ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ ነበረች። ከየመን ዳርቻ ከራስ ዒሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ እንደያዘች፣ ጦርነቱ ጥገናዋን ካስቆመበት ከ2015 ጀምሮ እየዛገች ቆየች። የተባበሩት መንግሥታት ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ መገልበጥ የጀመረው ጁላይ 25 ቀን 2023 ሲሆን ሥራው ኦገስት 11 ቀን አለቀ። ለዚህ ሥራ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈለገ ሲሆን፣ ተራ ሰዎች በኢንተርኔት ያዋጡትም ገንዘብ ነበረበት። ነዳጁ ፈስሶ ቢሆን ኖሮ ለጽዳት ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊያስፈልግ እንደሚችል ድርጅቱ ገምቶ ነበር። ለመከላከል መቶ ሚሊዮኖችን ለማሰባሰብ ዓመታት የፈጀበት ዓለም፣ ለጽዳት ሃያ ቢሊዮኑን በሳምንት ያገኝ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ሩቢማር የተባለችው የጭነት መርከብ ግን አልተረፈችም። በፌብሩዋሪ 2024 ተመትታ በማርች መጀመሪያ ሰጠመች። ያፈሰሰችው ነዳጅ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ንጣፍ ሠርቶ ነበር፤ በሆዷም 21 ሺህ ቶን ማዳበሪያ ይዛ ወረደች።

ነዳጅ ውኃ ላይ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው የሚገምተው ነዳጅ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ባለበት እንደሚቆይ፣ ሰውም ሄዶ እንደሚጠርገው ነው። እውነታው ሌላ ነው። ነዳጁ ውኃውን ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ ይስፋፋል፣ ይተናል፣ ይወፍራል፣ ይሄዳል። ቀለል ያለ ድፍድፍ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከይዘቱ ሲሶ ያህሉን፣ አንዳንዱ እስከ ግማሽ የሚጠጋውን በትነት ያጣል፤ እንደ ቀይ ባሕር ባለ ሞቃት አካባቢ ደግሞ ትነቱ ይፈጥናል። የመርከብ ሞተር የሚያቃጥለው ከባድ ነዳጅ ግን እምብዛም አይተንም። እንደ ዝፍት ይዞ ይቆያል።

ሞገዱ ሲመታው ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይወፍራል። ከውስጡ ከግማሽ በላይ ውኃ የሆነ ቡናማ ሊጥ ይሆንና መጠኑ ሦስት አራት እጥፍ ያድጋል። ይህ ሊጥ በፓምፕ ለመሳብ አይመችም፣ አይነድም፣ በታኝ ኬሚካልም አይሠራበትም። ስለዚህ ኬሚካል የመርጨት ወይም የማቃጠል ዕድሉ የሚቆጠረው በሰዓታት፣ ቢበዛ በሁለት በሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርስ መሣሪያ ለዳርቻ ጽዳት እንጂ ለባሕሩ አይሆንም።

መስፋፋቱን ለመረዳት ዝናብ ሲዘንብ ጋራዥ በር ላይ አስፋልቱ ላይ የሚታየውን ባለቀስተ ደመና ቀለም ማሰብ ይበቃል። ባሕር ላይም ያው ቀለም ይታያል፤ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ጥቂት እጅ ያነሰ ወይም የበለጠ ነው። አንድ ቦቴ ነዳጅ በአንድ ማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሺህኛ፣ ውፍረት ቢነጠፍ 45 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከአውሮፕላን ሲታይ ዓለም ያለቀ የሚመስለው ስፋት ውስጥ ያለው ነዳጅ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ብዙው ነዳጅ ደግሞ ጥቁር ሆኖ በወፈረ ጠባብ ቦታ ይከማቻል። የሠለጠኑ ታዛቢዎች ቀለሙን እያዩ መጠኑን የሚገምቱትና መርከቦችን ወደ ወፍራሙ ቦታ የሚልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊውን ቀጭን ንጣፍ ሲያሳድድ የዋለ ቡድን ሲመሽ ባዶ ታንከር ይዞ ይመለሳል።

መሣሪያውም የሚባለውን ያህል አይሠራም። ተንሳፋፊ አጥሮች የውኃው ፍሰት በሰዓት ከ1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን፣ ማለትም ከሰው እርምጃ በጣም ቀስ ብሎ ሲሄድ እንኳ፣ ነዳጁን ከሥራቸው ያሳልፋሉ። ሞገድ ሲበረታ ከላይም ይዘላቸዋል። በትልልቅ አደጋዎች ከባሕር ላይ በመሣሪያ የሚሰበሰበው ከፈሰሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ውጤት ይባላል። በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አደጋ ጊዜ ጉድጓዱ 87 ቀናት ሲፈስ በሺህ የሚቆጠሩ መርከቦች ተሰማርተው ነበር፤ ነገር ግን ነዳጅን ከውኃ ላይ በሚገፍፈው መሣሪያ፣ በስኪመር፣ የተነሣው የጥቂት በመቶ ያህል ብቻ ነው።

የሦስት በመቶው ስሌት

እንግዲህ መሣሪያው ይህን ያህል ደካማ ከሆነ የት እንደሚቀመጥ ማወቁ ዋናው ነገር ይሆናል። መሠረታዊው ስሌት የሚገርም ቀላልነት አለው። ውኃ ላይ ያለ ነዳጅ ከውኃው ፍሰት ጋር ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የነፋሱን ፍጥነት ሦስት በመቶ ይጨምራል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ነዳጁን በቀን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስደዋል። ነፋስና ፍሰት በአንድ አቅጣጫ ሲገጥሙ ርቀቱ ይጨምራል፤ ሲጻረሩ ነዳጁ ባለበት ሊዋልል ይችላል።

ችግሩ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። የነፋስ ትንበያ በሰከንድ የአንድ ነጥብ አምስት ሜትር ስሕተት ቢኖርበት፣ የፍሰቱም እንዲሁ ቢሳት፣ በሦስተኛው ቀን ነዳጁ ካለበት ቦታ የተለየ ዳርቻ ላይ አጥር ስንዘረጋ እንገኛለን። ትንበያ ሠሪዎች አንድ መስመር የማይሰጡትም ለዚህ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ምናባዊ ጠብታዎችን በኮምፒውተር ይለቁና ጠብታዎቹ የት የት እንደሚበተኑ ያያሉ። ከዚያም ለውሳኔ ሰጪው «እዚህ የመድረሱ ዕድል ይህን ያህል፣ እዚያ ይህን ያህል» ይሉታል። በየስድስት ወይም በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ከሳተላይትና ከአውሮፕላን የመጣውን ምልከታ እየጨመሩ ያስተካክሉታል።

ሳተላይቱ የሚያየው ነዳጁን ራሱን አይደለም። እንደ ሴንቲኔል-1 ያሉ ራዳር የያዙ ሳተላይቶች የሚያዩት የውኃውን መሸብሸብ ነው። ነዳጅ ትንንሾቹን ሽብሽቦች ስለሚያለዝብ ቦታው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሌሊትም ደመናም አያግደውም። ነገር ግን ነፋስ ከሌለ ባሕሩ ሁሉ ለስላሳ ስለሚሆን ሁሉም ጥቁር ነው፤ ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ነዳጁ ይሰወራል። ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ሜትር በሰከንድ የሚሆን ነፋስ ይፈልጋል። ነዳጁን የማየቱም መንገዱን የመተንበዩም ጉዳይ ዞሮ ዞሮ ነፋስ ላይ ይወድቃል።

የባሕሩ ጠባይ ሊያድን፣ እሱን ሳያነቡ የተሰጠ ውሳኔ ደግሞ ሊያበላሽ እንደሚችል ሁለት አደጋዎች ያሳያሉ። በጃንዩዋሪ 1993 ብሬር የተባለችው መርከብ በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች ላይ ተጋጭታ 85 ሺህ ቶን ገደማ ድፍድፍ ፈሰሰ። ነዳጁ ቀላል ነበር፤ ማዕበሉ ደግሞ ኃይለኛ። ባሕሩ ራሱ ቆራርጦ በተነውና ዳርቻው ከተፈራው እጅግ ባነሰ ተጎዳ። በኖቬምበር 2002 ግን ፕሬስቲጅ ከስፔን ጋሊሲያ ዳርቻ ተቀድዳ መጠለያ ወደብ ስትጠይቅ ተከለከለች። «ከዳርቻችን ትራቅ» ተብሎ ወደ ውቅያኖስ ተጎተተች። በስድስተኛው ቀን ለሁለት ተሰንጥቃ ሰጠመች፤ 63 ሺህ ቶን የሚጠጋ ከባድ ነዳጅም ከስፔን አልፎ ፈረንሳይና ፖርቹጋል ደረሰ። ማራቅ ሲባል በፖለቲካ ዓይን ጥሩ ይመስላል፤ ነፋሱ ግን ወደ ዳርቻው የሚመለስ መሆኑን ያየ ሰው ሌላ ውሳኔ ይሰጥ ነበር።

የእኛ ክረምት፣ የእነሱ ባሕር

አሁን ወደ ቀይ ባሕር። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በእኛ ክረምት፣ ነፋሱ በባሕሩ ርዝመት ሁሉ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ የላይኛው ውኃም በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ በደቡባዊው ክፍል ነፋሱ ይገለበጣል። ከደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይነፍስና ከሰሜኑ ነፋስ ጋር መሐል ላይ ይገናኛል። ስለዚህ ራስ ዒሳ አካባቢ በነሐሴ የፈሰሰ ነዳጅ ወደ ባብ ኤል መንደብና ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ በጥር የፈሰሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ የመንና ሳዑዲ ዳርቻ። አንድ ዓይነት አደጋ፣ አንድ ዓይነት መርከብ፣ ሁለት የተለያዩ ተጎጂዎች።

ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙበት ቦታ ለኢትዮጵያ ትንበያ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። የቀይ ባሕር የነፋስ መገናኛ ቀጠና በበጋና በበልግ ለሚዘንበው ዝናብ አንዱ መነሻ ስለሆነ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያ ካርታው ላይ ይከታተለዋል። የአርሲና የወሎ ገበሬ የበልግ ዘሩን የሚወስነው ያው ቀጠና የፈሰሰ ነዳጅን መንገድም ይወስናል። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያነብ ዓይን አለ፤ የጎደለው ወደ ውኃው ዝቅ ብሎ እንዲያይ የጠየቀው ሰው ነው።

ጅቡቲ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠባል። በበጋ የምሥራቅ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገፋል፤ በክረምት ከምዕራብ በረሃው የሚነሣው ሙቅና አቧራማ ካምሲን ወደ ባሕሩ ያወጣል። ስለዚህ በጣም የሚያስፈራው ወቅት ከጥቅምት በኋላ ያለው ነው። በዚያው ወቅት ግዙፎቹ ዌል ሻርኮች አርታ ዳርቻ ላይ ይመጣሉ። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በኮራል የተከበቡ ናቸው፤ በሰሜን ጎዶሪያ ማንግሮቭ አለ። ማንግሮቭ ውስጥ የገባ ነዳጅ ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ለማጽዳት ሰው ሲገባ ሥሩን ስለሚረግጠው ጽዳቱ ከነዳጁ ሊብስ ይችላል። የተጋለጠ ቋጥኝ ግን ሞገዱ ራሱ ያጥበዋል። አጥር ሲያንስ ማንግሮቩ ይቀድማል፣ ቋጥኙ ይጠብቃል። ይህ ቅደም ተከተል አደጋው ሳይደርስ በካርታ መቀመጥ አለበት፤ በአደጋው ሌሊት የሚፈጠር ክርክር መሆን የለበትም።

ለእኛ ደግሞ ዶራሌ አለ። ነዳጃችን የሚራገፍበት ተርሚናል እዚያ ነው፤ የጅቡቲን ከተማ የሚያጠጣው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያም እንዲሁ። ንጣፉ ወደዚያ ቢያመራ የማጣሪያው መሳቢያ ይዘጋል፤ አጥር ተዘርግቶ መርከብ መግባትና መውጣትም ይገደባል። የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ጭነት ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ጥቂት ቀናት የቦቴ ጉዞ ሲስተጓጎል አዲስ አበባ ላይ ምን ዓይነት ሰልፍ እንደሚሠራ መግለጽ አያስፈልግም። የሁለት ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማለት መርከቦች ፈጥነው እንዲያራግፉ፣ የአዋሽ ዴፖ እንዲሞላ፣ ጣቢያው ውኃ እንዲያከማች የሚያስችል ጊዜ ነው።

መርከቦቻችንና ካሳው

«ድፍድፍ የሚጭኑ መርከቦች የሉንም፣ ምን አገባን?» የሚል ሰው ዋካሺዮን ይመልከት። ዋካሺዮ ነዳጅ ጫኝ አልነበረችም፤ የደረቅ ጭነት መርከብ ነበረች፣ ያውም ባዶዋን። በጁላይ 25 ቀን 2020 ሞሪሺየስ ኮራል ላይ ወጣች። በኋላ እንደተገለጸው መርከቧ ወደ ዳርቻው የተጠጋችው ሠራተኞቹ የሞባይል ኔትወርክ እንዲያገኙ ነው። ማዕበሉ ለአሥራ ሁለት ቀናት ሲያናውጣት ቆይቶ ታንከሯ ተቀደደና 1 ሺህ ቶን ገደማ የሞተር ነዳጅ ፈሰሰ። የአገሬው ሰው የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጨርቅ ውስጥ እየሞላ በእጁ አጥር ሠራ። ለአሥራ ሁለት ቀናት የማዕበል ትንበያው ምን እንደሚመጣ ሲናገር መቆየቱ ግን ብዙ አይወራም።

የኢትዮጵያ ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦችም በሆዳቸው እንዲህ ያለ የሞተር ነዳጅ ይዘው ነው ቀይ ባሕርን የሚያቋርጡት። ባንዲራ ደግሞ ኃላፊነት ነው። የመድን ሽፋኑ፣ የሠራተኛው ሥልጠና፣ የመርከቧ የአደጋ ዕቅድ የሚመረመረው ባንዲራውን በሰጠው አገር ነው፤ ያ አገር የባሕር ዳርቻ ቢኖረውም ባይኖረውም።

ካሳው ላይ አንድ ያልተለመደ ቀዳዳ አለ። ለነዳጅ ጫኝ መርከቦች የተሠራው ዓለም አቀፍ የካሳ ሥርዓት፣ የ1992ቱ ስምምነትና ፈንዱ፣ ጉዳቱ ከጦርነት ድርጊት የመጣ ከሆነ አይከፍልም። ሱንዮን ጭነቷን አፍስሳ ቢሆን ኖሮ የጅቡቲ ዓሣ አጥማጅና የየመኗ ወደብ የሆዴይዳ ነጋዴ ደጅ የሚጠኑበት የተለመደው ቢሮ በሩ ሊዘጋባቸው ይችል ነበር። ሰላም ያለበት ባሕር ላይ የሚሠራ ሥርዓት ዛሬ ቀይ ባሕር ላይ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ከካሳ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ላይ የሚወጣ ብር ይበልጥ ይረባል።

የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አገሮች በ1982 የጅዳ ስምምነት የተሳሰሩበት የአካባቢ ድርጅት አላቸው፤ ለባሕር አደጋ ትብብር የሚሆን ማዕከልም ግብፅ ሁርጋዳ ላይ አለ። ኤርትራ አባል አይደለችም፤ ኢትዮጵያም ዳርቻ ስለሌላት የለችበትም። የባሕር በር ድርድሩ ወደ ስምምነት ቢደርስ፣ በኪራይም ሆነ በሌላ መልክ፣ ወደብ የሚይዝ አገር የነዳጅ አደጋ ዕቅድ እንዲኖረው ዓለም አቀፍ ሕጉ ይጠብቃል። እስካሁን በአደባባይ ሲቀርቡ ከሰማኋቸው ክርክሮች ይህ አንቀጽ ጎልቶ የወጣበት አላስታውስም።

ሥራውን ለመጀመር ግን ስምምነቱን መጠበቅ አያስፈልግም። የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም የሠራው ኦፕንድሪፍት የተባለው ሶፍትዌርና አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ኖም (GNOME) በነፃ የሚወርዱ ናቸው። የአውሮፓው ኮፐርኒከስ አገልግሎት የቀይ ባሕርን ፍሰት፣ ሞገድና የሳተላይት ራዳር ምስል ያለ ክፍያ ይሰጣል። አራት ኪሎ ያለ የፊዚክስ ተማሪ በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት እስካልጠፋ ድረስ፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ የተለቀቀ ነዳጅ ዛሬ ማታ ወዴት እንደሚያመራ ማየት ይችላል። የሌለው ግን ማረጋገጫው ነው። የደቡባዊ ቀይ ባሕር ውኃ ላይ ፍሰት የሚለኩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ጦርነቱ ደግሞ የሚያስቀምጣቸውን መርከብ አባርሯል። በየቀኑ በዚያ መስመር የሚያልፍ የጭነት መርከብ ግን አለ። ነፋስና የውኃ ሙቀት መዝግቦ መላክ በዓለም ዙሪያ የንግድ መርከቦች በፈቃደኝነት የሚሠሩት የቆየ ልማድ ነው። የእኛዎቹ መርከቦች ከዶራሌ ተነሥተው በባብ ኤል መንደብ ሲያልፉ የሚመዘግቡት እያንዳንዱ ንባብ አዲስ አበባ ላለው ሞዴል በዚያ ቀን የሚያገኘው ብቸኛው የባሕሩ ቃል ሊሆን ይችላል።